የሽማግሎቹ መልስ

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ላይ ያለችውን አጭር ምሳሌ የማያውቅ ክርስቲያን ጥቂት ነው። አንድ አባት ሁለት ልጆች አሉት። አንዱን ዛሬ ወደ ወይኑ ቦታ ሄዶ እንዲሠራ ያዘዋል፤ ልጁ እምቢ ይላል፣ በኋላ ግን ይጸጸትና ይሄዳል። ሌላውንም እንደዚያው ያዘዋል፤ ያኛው እሺ ይላል፣ ግን አይሄድም። የአባቱን ፈቃድ የፈጸመው የትኛው ነው? ኦርቶዶክስም ይሁን ፕሮቴስታንት፣ ይህችን ምሳሌ የሚያስተምረን ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ያሳርፋታል፦ እግዚአብሔር የሚፈልገው ሥራ ነው፣ ወሬ አይደለም፤ እሺ ማለት ቀላል ነው፣ ቁም ነገሩ መፈጸሙ ላይ ነው። አድማጩም ራሱን ይነቀንቃል። በአገራችን እሺ ነገ እየተባለ ደጅ ያልጠና፣ እሺ ብሎ በቀረ ሰው ያልተማረረ ማን አለ? ስለዚህ ስብከቱ ሲያልቅ ሁሉም ሰው አንድ እሺ ባይ ጎረቤቱን፣ አንድ አለቃውን ወይም አንድ ዘመዱን እያሰበ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ይህ ትርጓሜ እንደ ምክር ቢሰሙት ጉዳት የለውም። የዚህች ምሳሌ ትርጉም ነው ሲባል ግን አልቀበለውም። ምክንያቴ እዚያው ወንጌሉ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ከእሺታ ሥራ ይበልጣል የሚለውን መልስ የሰጡት የካህናት አለቆችና የሕዝብ ሽማግሎች ራሳቸው ናቸው። ጌታ ጠየቃቸው፤ ፊተኛው ብለው መለሱ። መልሳቸው ትክክል ነው። ወቀሳው የወረደውም በእነዚሁ፣ መልሱን በትክክል ባወቁት ሰዎች ላይ ነው። እኛ ደግሞ ስንትና ስንት ዘመን አልፎ እነሱ የደረሱበት ቦታ ላይ ስንደርስ ምሳሌው ገባን ብለን መጽሐፉን እንዘጋለን።

የተነገረበትን ሁኔታ እንመልከት። ቦታው የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ነው፤ ጊዜው ጌታ ከመሰቀሉ በፊት ያለው የመጨረሻው ሳምንት። በአህያ ተቀምጦ ወደ ከተማዋ ገብቷል፤ የገንዘብ ለዋጮችን ገበታ ገልብጧል። በማግሥቱ ተመልሶ ሲያስተምር አለቆቹና ሽማግሎቹ መጡና ይህን የምታደርገው በማን ሥልጣን ነው አሉት። እሱም መልሶ የዮሐንስ ጥምቀት ከሰማይ ነበረ ወይስ ከሰው ብሎ ጠየቃቸው። እርስ በርሳቸው ተማከሩ። ከሰማይ ነው ካልን ታዲያ ለምን አላመናችሁትም ይለናል፤ ከሰው ነው ካልን ሕዝቡ ዮሐንስን ነቢይ ነው ስለሚል ያስፈራናል። ተማክረው ተማክረው የደረሱበት ቃል አናውቅም የሚል ሆነ። ምክክሩን ልብ ብላችሁ አንብቡት። ከመካከላቸው እውነቱ የትኛው ነው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም፤ የተመዘነው የትኛው መልስ ምን መዘዝ ያመጣብናል የሚለው ብቻ ነው። የሁለቱ ልጆች ምሳሌ የመጣው ይህን አናውቅም ተከትሎ ነው።

ሰባኪዎቻችን ብዙ ጊዜ ከቁጥር 28 ይጀምሩና ቁጥር 31 መሐል ላይ፣ ሽማግሎቹ በመለሱበት ቦታ ያቆማሉ። ጌታ ግን እዚያ አላቆመም። ስምዖን የተባለው ፈሪሳዊ ስለ ሁለት ባለ ዕዳዎች ተጠይቆ በትክክል ሲመልስ፣ በሉቃስ 7 ላይ መልካም ፈርደሃል ተብሏል። በሉቃስ 10 ላይ ሕግ አዋቂው ስለ ፍቅር ትእዛዝ በትክክል ሲናገር መልስህ ትክክል ነው፣ አድርገው ተብሏል። እዚህ ላይ ግን እንዲህ ያለ ቃል የለም። መልሳቸውን ተቀበለና ወዲያው ቀራጮችና አመንዝሮች ወደ እግዚአብሔር መንግሥት ይቀድሟችኋል አላቸው። ምክንያቱንም ጨመረ፦ ዮሐንስ በጽድቅ መንገድ መጣላችሁ፣ አላመናችሁትም፤ እነሱ አመኑት፤ እናንተ ግን ይህን ካያችሁ በኋላ እንኳ ተጸጽታችሁ አላመናችሁትም። ተናጋሪው ራሱ የሰጠው ትርጉም ይህ ነው። ምሳሌውን ከተናገረው በላይ እናውቃለን ካላልን በቀር ትርጉሙን መፈለግ ያለብን ከዚህ ቁጥር ነው።

ይህ ዓይነቱ አጠያየቅ በመጽሐፍ ቅዱስ አዲስ አይደለም። ነቢዩ ናታን ስለ ድሃው ሰው በግ ሲነግረው ዳዊት ተቆጥቶ ፈረደ። ፍርዱም ልክ ነበር። ናታን ያ ሰው አንተ ነህ ባለው ጊዜ ዳዊት በደሌ ነው አለ። ሽማግሎቹም እንደ ዳዊት ፈረዱ፣ እንደ ዳዊትም ስለ እነሱ እንደሚናገር ገባቸው፤ ማቴዎስ በዚያው ምዕራፍ መጨረሻ፣ በቁጥር 45 ላይ ይህን በግልጽ ጽፎታል። የገባቸው ሰዎች ምን አደረጉ? ሊይዙት ፈለጉ፣ ሕዝቡን ፈርተው ተዉት። እንግዲህ የጎደላቸው ነገር ማስተዋል አልነበረም። ምሳሌው ሳይገባቸው ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ተጨማሪ ማብራሪያ በበቃቸው ነበር።

ታዲያ የጎደላቸው ምንድን ነው? ይህን ለማወቅ ወደ ዮሐንስ መመለስ ያስፈልጋል፤ የምሳሌው ቁልፍ እሱ ጋ ነውና። ምሳሌው ሲነገር ዮሐንስ በሕይወት የለም፤ ሄሮድስ አንጢጳስ አስገድሎታል። የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፉስም፣ ክርስቲያን ሳይሆን፣ ስለ ዮሐንስ ጽፏል፤ የተገደለው ከሙት ባሕር በስተ ምሥራቅ ባለችው በማኬሩስ ምሽግ እንደ ሆነ ይናገራል። ስለ ጥምቀቱ ያስቀመጠው ነገር ደግሞ ለጉዳያችን ይጠቅማል፦ ነፍሳቸውን አስቀድመው በጽድቅ ላላነጹ ሰዎች የውኃው መታጠብ ዋጋ እንደሌለው ዮሐንስ ያስተምር ነበር። ሉቃስም በምዕራፍ 3 ይህንኑ ከውስጥ ሆኖ ያሳየናል። ሕዝቡ ምን እናድርግ ሲሉት፣ ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል አለ። ወታደሮቹ ሲጠይቁት፣ ማንንም አትቀሙ፣ በሐሰት አትክሰሱ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አለ። ቀራጮቹ ሲጠይቁት፣ ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ አለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ቀራጭ ስንል እንዲሁ መጥፎ ሰው ብለን እናልፋለን። በዚያን ዘመን ቀረጥ የመሰብሰቡ መብት በጨረታ የሚወሰድ ነበር። ጨረታውን ያሸነፈው ሰው ለገዥው የሚከፍለው ታውቋል፤ ትርፉ የሚገኘው ከዚያ በላይ ከሕዝቡ ከሚያስከፍለው ነው። በመንገድ ዳርና በባሕር ወደብ ተቀምጦ የዓሣ አጥማጁን ቅርጫት፣ የነጋዴውን ጭነት እየፈታ ይገምታል። ዮሐንስ ከታዘዘው አታብልጥ ሲለው እንጀራህን ተው ማለቱ ነው። ለቀራጭ ንስሐ ማለት እንባ ብቻ አይደለም፤ መዝገቡን ማስተካከል ነው። በኢያሪኮ ዘኬዎስ ያደረገውን አስታውሱ፦ የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች፣ የበደለውን ደግሞ አራት እጥፍ። ሉቃስ በምዕራፍ 7 ላይ ደግሞ ሕዝቡና ቀራጮቹ የዮሐንስን ጥምቀት እንደ ተቀበሉ፣ ፈሪሳውያንና ሕግ አዋቂዎች ግን እንዳልተቀበሉ ይነግረናል። አንድ ነገር ልጨምር። የሁለቱን ልጆች ምሳሌ የጻፈልን ማቴዎስ ብቻ ነው፤ በማርቆስም በሉቃስም በዮሐንስም የለችም። ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምሮ ይህን ወንጌል የምትሰጠው ደግሞ በቅፍርናሆም ከቀረጥ ቦታው ተነሥቶ ለተከተለው ለቀራጩ ማቴዎስ ነው።

አሁን ወደ ልጆቹ እንመለስ። እምቢ ያለው ልጅ ነውረኛ ነው። አባትን ፊት ለፊት አልሄድም ማለት በእኛም አገር ምን እንደ ሆነ እናውቃለን፤ በገጠር የተወለደ አንባቢ ደግሞ ይህን ሲያነብ ፊቱ ይከሰከሳል። ምሳሌው ይህን ነውር አያቃልልም፤ ግልጽነቱን አያደንቅም። ሆኖም ያ ልጅ እምቢ ካለ በኋላ አንድ ነገር ቀረበት፤ የሚደበቅበት ነገር የለውም። ከሄደበት ቢሄድ እምቢታው አብሮት አለ። ራሱን ሲያይ የሚያየው ያልታዘዘ ልጅ ነው። ስለዚህ ሊጸጸት ይችላል። እሺ ያለው ልጅስ? ጽሑፉ ሊያታልል አስቦ ነበር አይልም። ምናልባት እሺ ሲል ከልቡ ነበር። መከራው ያለው ግን እሺታው ላይ ነው፦ እሺ ብያለሁ ብሎ ዐረፈ። በገዛ ዓይኑ ታዛዥ ልጅ ነው። የሚጸጸትበት ነገር አይታየውም። አባቱም በአክብሮት ቃሉ ደስ ብሎት ሄዷል። ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ይህ ልጅ ቆም ብሎ ራሱን የሚጠይቅበት አንድም ምክንያት አልነበረውም።

አለቆቹ ከቀራጮቹ ኋላ የቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። ሥራ ፈቶች አልነበሩም። ይጾማሉ፣ ከአዝሙድና ከእንስላል ሳይቀር አሥራት ያወጣሉ፣ የቤተ መቅደሱን አገልግሎት ቀን ከሌት ያካሂዳሉ። እሺታቸው በልብሳቸው፣ በጸሎታቸው፣ በዘር ሐረጋቸው ተጽፏል። ዮሐንስ መጥቶ ተመለሱ ሲል ከየት እንመለስ አሉ። ቀራጩ ግን ከየት እንደሚመለስ ያውቃል። ለእነሱ የቀረበላቸው ሁለተኛ ዕድል ደግሞ ይኸው ነበር፦ በዮሐንስ ቃል ባታምኑ፣ ቃሉ ያደረገውን እዩ። ትናንት የቀማችሁ ሰው ዛሬ ገንዘቡን ሲመልስ እያያችሁ ነው፤ ትናንት በየመንደሩ የተሰደበችው ሴት ዛሬ በዮርዳኖስ ዳር ቆማ ትጸልያለች። ይህን ስታዩ ዮሐንስ ከእግዚአብሔር ነው ማለት አይገባችሁም? አዩ። አላሉም። ጌታ የወቀሳቸው በዚህ ነው፦ የመጀመሪያውን ጥሪ አለመቀበላቸው አንድ ነገር ሆኖ፣ ካዩም በኋላ ሐሳባቸውን አለመለወጣቸው። ይህች ምሳሌ የተነገረችው እየተመለሱ ያሉ ኃጢአተኞችን እያየ ልቡ ላልተነካ ሃይማኖተኛ ነው።

የሚቃወመኝ ሰው ሁለት ምዕራፍ አልፎ ማቴዎስ 23ን ሊያነብልኝ ይችላል። እዚያ ጌታ ጻፎችንና ፈሪሳውያንን ይናገራሉ፣ ግን አያደርጉም ይላቸዋል። በምዕራፍ 7ም ጌታ ሆይ ጌታ ሆይ የሚለኝ ሁሉ አይገባም ብሏል። ይህ ጠንካራ መከራከሪያ ነው፤ ቃልና ሥራ አይለያዩ የሚለው ትምህርት በወንጌሉ ውስጥ አለ። ነገር ግን አንድ መጽሐፍ አንድን እውነት ብዙ ቦታ ስላስተማረ እያንዳንዱ ምሳሌ ስለዚያ እውነት ነው ማለት አይደለም። ይህችኛዋ የራሷ ጉዳይ አላት፤ የጉዳዩም ስም ዮሐንስ ነው። ከዚህም ሌላ ሥራ ከቃል ይበልጣል የሚለው ስብከት የሠራተኞችን ልብ ያሳርፋል እንጂ አይነካም። በደብሩ ኮሚቴ ውስጥ ለዓመታት የደከመ፣ ለሕንፃው ማሠሪያ ያዋጣ፣ በመዘምራን መካከል ቆሞ የሚያገለግል ሰው ይህን ሲሰማ እኔ የሄድኩት ልጅ ነኝ ይላል። ሥራ አለውና። የካህናት አለቆችም እንደዚያ ሊሉ ይችሉ ነበር።

ሌላ ከዚህ የበለጠ የቆየና የከበረ ስም ያለው ትርጓሜ አለ። ዮሐንስ አፈወርቅ በማቴዎስ ወንጌል ላይ በሰጠው ትምህርቱ ሁለቱን ልጆች አሕዛብና አይሁድ አድርጎ ተርጉሟቸዋል፦ እምቢ ብለው ኋላ የታዘዙት አሕዛብ፣ እሺ ብለው ያልፈጸሙት አይሁድ። ከእሱ በኋላም ብዙዎች ተከትለውታል። ለአፈወርቅ ያለኝ አክብሮት ብዙ ነው፤ በዚህ ላይ ግን ከቁጥር 32 ጋር ሊታረቅልኝ አልቻለም። መጥምቁ ዮሐንስ አይሁዳዊ ነው። ቀራጮቹ አይሁድ ናቸው፤ አመንዝሮቹም እንዲሁ። ሽማግሎቹም አይሁድ ናቸው። በምሳሌው ውስጥ የውጭ ሰው የለም። አባቱ አንድ ነው፣ ወይኑ አንድ ነው፣ ሁለቱም ልጆች በአንድ ቤት ያደጉ ናቸው። ክርክሩ በአንድ ሕዝብ፣ በአንድ ቤተ መቅደስ ውስጥ ነው።

የጥንት ቅጂዎችም በልጆቹ ቅደም ተከተል ላይ እንደማይስማሙ ማወቅ ይጠቅማል። በ4ኛው መቶ ዘመን ከተጻፉት ከሁለቱ ታላላቅ የግሪክ ቅጂዎች፣ የሲናው እምቢ ያለውን ልጅ ሲያስቀድም የቫቲካኑ እሺ ያለውን ያስቀድማል። ኮዴክስ ቤዛ በሚባለው ቅጂ ደግሞ እምቢ ባዩ ፊተኛ ሆኖ ሳለ ሽማግሎቹ ኋለኛው ብለው መለሱ ይላል። ጄሮም ይህን ዓይነት ንባብ ያውቅ ነበር፤ እንዲህ ከሆነ እውነቱን እያወቁ ላለመናገር ነው ብሎ ገመተ። አይሁድ አስቀድመው ተጠሩ፣ አሕዛብ በኋላ የሚለው ትርጓሜ በቅደም ተከተሉ ላይ ብዙ ይደገፋል፤ ቅደም ተከተሉ ግን በየቅጂው ይገለባበጣል። ቁጥር 32 የሚያነሣው ጉዳይ በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢነበብ ያው ነው።

ይህን የማነሣው ለሊቃውንት ክርክር ብዬ አይደለም። ያ የጥንት ትርጓሜ ዛሬ በመካከላችን በሌላ መልክ ይኖራል። ፕሮቴስታንቱ እሺ ባዩ ልጅ ብሎ ኦርቶዶክሱን ያያል፦ ጾምና ሥርዓት አለ፣ ሕይወት የለም ይላል። ኦርቶዶክሱ በተራው ፕሮቴስታንቱን ያያል፦ አሜንና ሃሌ ሉያ አለ፣ ሥርዓትና መታዘዝ የለም ይላል። ሁለቱም ምሳሌውን ከመጽሐፉ አውጥተው ወደ ጎረቤት አጥር ይወረውሩታል። በሁለቱም ዘንድ እምቢ ብሎ የተጸጸተው ልጅ ምንጊዜም እኛ ነን። ጌታ ግን ምሳሌውን የተናገረው ፊቱ ለቆሙት፣ ቤተ መቅደሱ ቤታችን ነው ለሚሉት ነው። በቤቱ ውስጥ ያለ ሰው በውጭ ባለው ላይ ሊጠቀምበት አይችልም።

ወጣቶቻችን ዘንድ ደግሞ ሌላ አጠቃቀም ሰፍኗል። እኔ ቢያንስ ግብዝ አይደለሁም፤ የማልሄድ ከሆነ አልሄድም እላለሁ፤ ምሳሌውም ከእሺ ባይ እምቢ ባይ ይሻላል ይላል። አይልም። ምሳሌው እምቢ ካለው ልጅ የተጸጸተውንና የሄደውን አከበረ እንጂ እምቢታውን አላከበረም። እምቢ ብሎ የቀረ ሦስተኛ ልጅ ቢኖር ኖሮ ሽማግሎቹ ፊተኛው ብለው በመለሱት ላይ ስሙ አይነሣም ነበር። ግልጽ እምቢታን ቅንነት ብለን ካወደስን የልጁን ግማሽ ቀን ብቻ አነበብን ማለት ነው።

በተለይ በእኛ በኦርቶዶክሶች ዘንድ ይህ ነገር ሥር ሰዷል። ስናረጅ እንቆርባለን የሚለውን አነጋገር የማያውቅ የለም። በብዙ አድባራት ለሥጋ ወደሙ የሚቀርበው ወገን ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው፤ መካከለኛው ዕድሜ ከሩቅ ቆሞ ያያል። በዚህ በኩል የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ብዙ ለውጥ እያመጡ ነው፤ ልማዱ ግን አልጠፋም። ሰዎች በምሳሌው ውስጥ ያለውን በኋላ ይይዙና ለእኔም በኋላ አለኝ ይላሉ። የአባትየው ትእዛዝ ግን ዛሬ ሂድ የሚል ነው። ልጁ የተጸጸተበት በኋላ የዚያው ቀን በኋላ ነው፤ በማግሥቱ ቢሄድ ኖሮ የተሰጠውን ትእዛዝ አልፈጸመም ነበር። ከአንድ ምዕራፍ በፊት በማቴዎስ 20 ላይ ወደ ወይኑ ቦታ በ11 ሰዓት የተጠሩ ሠራተኞች አሉ፤ ሰዓቱን እንደ እኛ ከንጋት ጀምሮ ይቆጥራሉና ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት ማለት ነው። ሰዎች በእነሱም ይጽናናሉ። ግን እነዚያ በ11 ሰዓት የገቡት ማንም አልቀጠረንም ያሉ ናቸው፤ በ3 ሰዓት ተጠርተው እስከ 11 ሰዓት እናቆየው ያሉ አይደሉም።

እሺታችንን ደግሞ በየቤታችን እንይ። የንስሐ አባት የሌለው የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ጥቂት ነው። አባ በበዓል ይመጣሉ፤ ሁሉም ተነሥቶ መስቀል ይሳለማል፤ ጠበል ይረጫል፤ ቡና ይፈላል፤ ስለ ልጆቹ ትምህርትና ስለ ኑሮ ውድነት ይወራል፤ እንደምን ከረማችሁ ሲባል እግዚአብሔር ይመስገን ይባላል። አባ መርቀው ይሄዳሉ። በብዙ ቤት ዓመታት በዚህ ዓይነት ያልፋሉ፤ ከሰው ላይ የተወሰደው መሬት፣ በወንድማማቾች መካከል ያለው የውርስ ክርክር፣ ደመወዟ ለወራት ያልተከፈላት የቤት ሠራተኛ ግን አንድ ቀንም አይነሡም። በፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት አዳራሽ ደግሞ እጅ ይነሣል፣ ጸሎት ይደገማል፣ ስም ይመዘገባል። እሺ ማለቱ ክፉ ነው አልልም፤ አባት እሺ ሲባል ደስ ይለዋል። እኔ የምፈራው ያ እሺታ ቤታችንን ከንስሐ የሚጠብቅ አጥር ሲሆን ነው። የንስሐ አባት አለን እንላለንና ንስሐ አንገባም፤ ድነናል እንላለንና መመለስ አይታሰበንም።

የእሺታችን መፈተኛ ደግሞ የሚመለሱ ሰዎችን ስናይ ነው። በመጠጥ ቤት ትሠራ የነበረች ሴት ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤተ ክርስቲያን መምጣት ስትጀምር፣ በቅጥሩ ዙሪያ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዷ ሌላዋን በክርን ነካ ታደርጋለች። ዛሬ ደግሞ ምን ሆና ነው ይባላል። ከዓረብ አገር ልጅ ይዛ የተመለሰች እህት ስትሰግድ ዓይን ሁሉ ወደ ልጇ ነው። በጉቦ የታወቀ ሰው ገንዘብ መመለሱ ሲሰማ ሊያስመስል ነው እንላለን። ሰዎቹ ምናልባት እስከ መጨረሻው ይጸኑ ይሆናል፣ ምናልባት አይጸኑም፤ ያን መመዘን የእኛ ሥራ አይደለም። ሽማግሎቹ የተጠየቁት ግን ይህንኑ ነበር፦ እነሱን ስታዩ እናንተ ምን አደረጋችሁ? እዚያ ቅጥር ውስጥ አብሯት ቆሞ፣ ይህች ሴት ሕይወቷን እስከ መለወጥ ከደፈረች እኔስ ያን ወንድሜን ለምን አልታረቅም ብሎ ራሱን የጠየቀ ሰው ነው ምሳሌው የገባው።

የነነዌን ጾም በየዓመቱ ሦስት ቀን እንጾማለን። ዮናስ ሂድ ሲባል በመጀመሪያ ወደ ተርሴስ የሸሸ እምቢ ባይ ነው፤ በኋላ ሄዶ ሰበከ። በዚህ በኩል ፊተኛውን ልጅ ይመስላል። መጽሐፉ ግን እዚያ አላበቃም። የነነዌ ንጉሥ ከዙፋኑ ወርዶ ማቅ ሲለብስ፣ ከተማዋም ስትድን፣ ዮናስ ተቆጣ፤ ሞት ይሻለኛል አለ። ታዟል፣ ሄዷል፣ ሥራውን ፈጽሟል፤ የሌሎች መመለስ ግን አላስደሰተውም። ሥራ ከቃል ይበልጣል በሚለው ሚዛን ብንመዝነው ዮናስ አልፏል። በእግዚአብሔር ሚዛን ግን መጽሐፉ የሚያበቃው እሱ ገና እየተጠየቀ ነው። የምንጾመው የነነዌ ሰዎችን አብነት አድርገን ነው፤ ስለ ተመለሱ ሰዎች የምናወራው ግን ብዙ ጊዜ እንደ ዮናስ ነው።

ይቀድሟችኋል የተባለው ቃል ደጁን አይዘጋም። የሚቀድም ካለ የሚከተል ሊኖር ይችላልና ሽማግሎቹ ከቀራጮቹ ኋላ ተሰልፈው መግባት ይችሉ ነበር። የተጠየቀው ይህ ብቻ ነበር፤ ከናቁት ሰው ኋላ መቆም። ይህን ያህል ከባድ ስለ ሆነ ነው መሰለኝ ምሳሌውን ስለ እሺታና ስለ ሥራ አድርገን ያቀለልነው።

እንግዲህ እናንተ ይህን ወንጌል የምታስተምሩ አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ እባካችሁ ቁጥር 31 መሐል ላይ አታቁሙ። ሕዝቡን ከሁለቱ ልጆች የትኛው ነህ ብላችሁ አትጠይቁት፤ ሁሉም ፊተኛው ይላል። በደብራችሁ፣ በሰፈራችሁ፣ በመሥሪያ ቤታችሁ ማን ተመልሶ አያችሁ፣ እሱን ካያችሁ በኋላስ እናንተ ምን ለወጣችሁ ብላችሁ ጠይቁት። አንተም አንባቢ፣ ይህን ጥያቄ ለሌላ ሰው ከማንበብህ በፊት የምትመልሰው ገንዘብ ካለ መልስ፣ የምትታረቀው ሰው ካለ ሄደህ ታረቅ። በቅጥሩ ዳር ለብቻዋ የምትቆም እህት ካለችም ሂድና እንደምን አደርሽ በላት።